የባሕር ላይ የነፋስ ተርባይኖች ዓሣ ነባሪዎችን ይገድላሉን? ከደሴ የቀረበ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ

መምህር ዘጦሳ (ደሴ)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደሴ ከተማ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ስለ ምግብ መረብ እያስተማርሁ ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ባሕር ውስጥ የሚተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ዓሣ ነባሪዎችን እየፈጁ ነው የሚባለው እውነት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው የመጣው በስልኳ ካየችው አጭር ቪዲዮ ነው። በቪዲዮው ላይ አንድ ግዙፍ ዓሣ ነባሪ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ይታያል፤ ከበስተጀርባው ተርባይኖች ተደርድረዋል፤ ከዚያም «ገዳዮቹ እነዚህ ናቸው» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ሳላጣራ መመለስ ስላልፈለግሁ «ሰኞ እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍሁት። ሰኞ ደርሶ አለፈ፤ እኔ ግን ገና መልስ አላገኘሁም። ያነበብኋቸው ጽሑፎች በሁለት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። አንዳንዶቹ ተርባይን የባሕር እንስሳትን አፈናቃይ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በምሰሶዎቹ ዙሪያ ዓሣው እንደ ገበያ ቀን ሕዝብ ይሰበሰባል ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እርሱንም መጠራጠር ጀምሬአለሁ። በዚህ ሙያ ውስጥ ያላችሁ ብታግዙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ዘአራዳ (ደሴ)

መምህር፣ ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን የባሕር በር የሌለን ሕዝቦች ስለ ባሕር ተርባይን ስንከራከር መዋላችን ይገርመኛል። የእኛ ተማሪ ስለ ዓባይና ስለ ቦርከና መጠየቅ ነበረባት። ሌላው የምታዘበው ነገር ደግሞ፣ እነዚህን ጥናቶች በገንዘብ የሚደግፉት ብዙውን ጊዜ ተርባይኑን የሚተክሉት ኩባንያዎች ናቸው። ዳኛውና ተከሳሹ ከአንድ ማዕድ ሲበሉ ፍርዱ ምን እንደሚሆን ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ሰሜን ባሕር ላይ (ዴንማርክ፣ ትውልድ ደሴ)

መምህር፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ጥያቄውን በደሴ አንደበት ሳነበው ደስ ብሎኛል። አሁን ዴንማርክ ውስጥ የባሕር ሥነ ምኅዳር እያጠናሁ ነው፤ የምሠራውም ፖርፖይዝ በሚባሉት ትናንሽ የዓሣ ነባሪ ዘመዶች ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የተማሪዋን ጥያቄ በቀጥታ ልመልስ። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከወትሮው በላይ መሞት የጀመሩት በጥር 2016 ነው። በዚያች አገር የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ጣቢያ፣ በሮድ አይላንድ አቅራቢያ የሚገኘውና አምስት ተርባይኖች ብቻ ያሉት ብሎክ አይላንድ፣ ኃይል ማመንጨት የጀመረው ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። የአገሪቱ የባሕር ሀብት መሥሪያ ቤት የትላልቆቹን ዓሣ ነባሪዎች ሞት ከነፋስ ኃይል ሥራ ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ እንዳላገኘ በይፋ አሳውቋል። አስከሬናቸው ከተመረመረው ሃምፕባኮች መካከል 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በመርከብ የመመታት ወይም በአጥማጆች ገመድ የመጠላለፍ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ቁጥራቸው ከ400 በታች የወረደው የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል የሚባሉትም ዋነኛ ጠላቶቻቸው እነዚሁ መርከብና ገመድ ናቸው። ስለዚህ ቪዲዮው አስከሬንና ተርባይን በአንድ ምስል ውስጥ ስላስገባ ብቻ ገዳዩን አገኘ ማለት አይቻልም።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን «ተርባይን ምንም አያደርግም» የሚለውንም አልቀበልም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ «የትኛው እንስሳ? በየትኛው የሥራ ደረጃ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። ተርባይኑ የሚተከልበት ወቅትና ለ25 ዓመት የሚሽከረከርበት ዘመን ለእንስሳቱ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የአብዛኞቹ የባሕር ላይ ተርባይኖች መሠረት ሞኖፓይል የሚባል ግዙፍ የብረት ቱቦ ነው። የአንዳንዱ ወርድ ከ8 ሜትር በላይ ስለሚሆን የደሴ ሚኒባሶች ጎን ለጎን ቆመው ይገቡበታል። ይህን ቱቦ ወደ ባሕሩ ወለል የሚያስገባው መዶሻ፣ ዘነዘና በሙቀጫ ላይ እንደሚወርድ ለሰዓታት ያለማቋረጥ ይመታል፤ ለአንድ ምሰሶ ምቱ በሺዎች ይቆጠራል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም በአየር ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ሆርንስ ሬቭ 2 በተባለው የዴንማርክ የባሕር ላይ የነፋስ ጣቢያ ግንባታ ወቅት በተደረገው ጥናት ፖርፖይዞች ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሳይቀር ከወትሮው ቀንሰው ተገኝተዋል፤ በቅርብ ርቀት ደግሞ መዶሻው ካቆመ በኋላ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ለመመለስ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ወስዶባቸዋል።

ሦስት ቀን ለእኛ ምንም አይደለም። ለፖርፖይዝ ግን ሌላ ነው። ይህ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝመው የዓሣ ነባሪ ዘመድ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሙቀቱን ጠብቆ የሚኖረው ቀንና ሌሊት በመብላት ነው። መሣሪያ በተለጠፈባቸው እንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት በሰዓት እስከ 550 ትናንሽ ዓሣዎችን ለመያዝ ሲሞክሩ ተመዝግበዋል። እንዲህ ያለ እንስሳ ከማዕዱ ሲባረር ጾሙን መዋል አይችልም።

ወንድሜ ዘአራዳ፣ ስለ ገንዘቡ ያነሱት ጥርጣሬ ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ የሆርንስ ሬቭ ውጤት ለኩባንያዎቹ የሚመች አልነበረም፤ ቢሆንም ታትሟል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እኅቴ፣ ማብራሪያው ግሩም ነው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በፋብሪካ ጥገና የምሠራ የኤሌክትሮ ሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ጀርመኖች በዚህ መዶሻ ድምፅ ላይ ገደብ እንዳስቀመጡ፣ ገደቡም ከምቱ 750 ሜትር ርቀት ላይ 160 ዴሲቤል እንደሆነ አንብቤአለሁ። እኛ ዘንድ የሽመና ማሽኖች ባሉበት አዳራሽ 85 ዴሲቤል ሲደርስ የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው። 160 ዴሲቤል የጆሮ ታምቡር ለመብጠስ የሚበቃ ነው። እንግዲህ ይህን «ገደብ» ብሎ መጥራት እንዴት ይቻላል? ወይስ የእኔ ዴሲቤልና የእናንተ ዴሲቤል የተለያዩ ናቸው?

በነገራችን ላይ፣ የአገራችን የነፋስ ጣቢያዎች መሠረት የኮንክሪት ሰሌዳ ስለሆነ እንዲህ ያለ መዶሻ አያውቃቸውም። በመቀሌ አቅራቢያ በ2013 በአውሮፓ አቆጣጠር የተመረቀው የአሸጎዳ ጣቢያ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ የዚያ መሠረት ሥራ ጉድጓድ ቁፋሮ፣ ብረት ማሰርና ኮንክሪት ማፍሰስ ነበር። ባሕር ላይ ሥራው እንደዚህ የተለየ መሆኑን እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም።

ሰሜን ባሕር ላይ (ዴንማርክ)

ወንድሜ ቦርከና፣ በትክክል እንደ ጠረጠሩት፣ ሁለቱ ዴሲቤሎች አንድ አይደሉም። ዴሲቤል ንጽጽር እንጂ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ የቆመ መለኪያ አይደለም። በአየር ውስጥ የሚነጻጸረው ከ20 ማይክሮ ፓስካል ጋር ነው፤ በውኃ ውስጥ ደግሞ ከ1 ማይክሮ ፓስካል ጋር ነው። ይህ ብቻውን የ26 ዴሲቤል ልዩነት ይፈጥራል። በዚህ ላይ ውኃ ከአየር እጅግ የጠጠረ በመሆኑ ተመሳሳይ የድምፅ ብርታት ከፍ ባለ ግፊት ይገለጣል፤ እርሱም 36 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በግምት 62 ዴሲቤል ካልቀነስን የባሕርን ቁጥር ከፋብሪካው ጋር ማወዳደር አይገባም። ከዚህም ሌላ፣ የጀርመኑ 160 የአንዲት ምት ጠቅላላ የድምፅ ኃይል ሲሆን የእናንተ 85 ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ የሚሰማው አማካይ ነው። እነዚህን ሁለቱን አጋጥሞ የጻፈ የጋዜጣ ርእስ ብዙ አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ያበሳጨኛል።

ገደቡን ለመጠበቅ የሚጠቀሙበት ዘዴ ግን የሚያምር ነው። በምሰሶው ዙሪያ ቀዳዳ ያለው ረጅም ቱቦ በባሕሩ ወለል ላይ ክብ አድርገው ይዘረጋሉ፤ ከመርከብ የታመቀ አየር ሲነፉበት አረፋው ከወለሉ እስከ ላይኛው ገጽ እንደ መጋረጃ ይቆማል። ድምፁ ከውኃ ወደ አረፋ ሲገባ ይሰበራል፣ ይበተናል። ከመርከቡ ጫፍ ሆኖ ሲታይ በግራጫው ባሕር ላይ ነጭ ቀለበት ይሠራል፤ ልክ ጀበና ሊገነፍል ሲል ከአፉ ዙሪያ እንደሚወጣው አረፋ ነው። ሥራው ሲጀመርም መዶሻው በዝግታ ይመታል፤ በአካባቢው ያሉ እንስሳት ሙሉው ጉልበት ከመምጣቱ በፊት እንዲርቁ ጊዜ ለመስጠት ነው።

እኛ ደግሞ እንስሳቱን የምንቆጥረው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው ማለት ይቻላል። ፖርፖይዝ አካባቢውን የሚያውቀው በ130 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ በሚያሰማቸው አጫጭር የጠቅታ ድምፆች ነው፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ሕፃን እንኳ አይሰማውም። ስለዚህ ክንድ የሚያህል የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ማይክሮፎንና ባትሪ ከትተን ከባሕሩ ወለል ጋር በመልሕቅ እናስረዋለን። ከወራት በኋላ ስናወጣው ቱቦው አረንጓዴ ጸጉር አብቅሎ፣ ጥቃቅን ዛጎሎች ተለጥፈውበት፣ በጣት የሚያዝበት ቦታ አጥቶ ይመጣል። ማኅደሩን ከፍተን መረጃውን ከማንበባችን በፊት የመጀመሪያው ሥራ ያንን በስለት መፋቅ ነው፤ ሽታውን ለመግለጽ ግን አልሞክርም።

ዘአራዳ (ደሴ)

የተማርሁት ነገር እንዳለ አልክድም። እንግዲያውስ ድምዳሜው ግልጽ ነው፤ መዶሻ ባለበት እንስሳው ይሸሻል፣ መዶሻው ሲያበቃ ይመለሳል። ታዲያ መምህር ያነበቧቸው ጽሑፎች ለምን ይጋጫሉ?

ሰሜን ባሕር ላይ (ዴንማርክ)

ጉዳዩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ እኔ እስካሁን ተመርቄ ነበር።

ሁለት ጣቢያዎችን አስቡ። አንደኛው በባልቲክ ባሕር የሚገኘው የዴንማርኩ ኒስተድ ነው፤ በ2003 ሥራ ሲጀምር 72 ተርባይኖች ነበሩት። ሁለተኛው በሰሜን ባሕር ላይ ያለው የኔዘርላንዱ ኤግሞንድ አን ዜ ነው፤ 36 ተርባይኖች አሉት። በኒስተድ መሠረቶቹ በክብደታቸው የሚቀመጡ የኮንክሪት ብሎኮች ነበሩ፤ ስለዚህ ያን ያህል የመዶሻ ሥራ አልነበረም። ኤግሞንድ ግን በሞኖፓይል የተሠራ ነው። እንደ ወንድሜ አባባል ቢሆን በኒስተድ ፖርፖይዞቹ ምንም ባልሆኑ፣ በኤግሞንድ ደግሞ በሸሹ ነበር።

የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በኒስተድ የፖርፖይዝ ድምፅ በግንባታው ወቅት ክፉኛ ቀነሰ፤ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ካለፈም በኋላ ከቀድሞው አንድ ሦስተኛ እንኳ አልደረሰም። በኤግሞንድ ጣቢያው ሥራ ከጀመረ በኋላ በውስጡ የተመዘገበው የፖርፖይዝ ድምፅ ከግንባታው በፊት ከነበረው ከፍ አለ።

ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ግምት ነው፤ እኔን ግን ያሳምነኛል። በኤግሞንድ ዙሪያ ያለው ባሕር በመርከብና መረብ በሚጎትቱ ጀልባዎች የተጨናነቀ ነው፤ ጣቢያው ለእነርሱ ዝግ ስለነበረ ውስጡ ከአካባቢው ሁሉ ጸጥታ ያለበት ሰፈር ሆነ። ኒስተድ ደግሞ ቀድሞም ቢሆን ይህን ያህል ግርግር ያልነበረበት ስለሆነ እንስሳው ተርባይኑን ተቋቁሞ የሚቆይበት ምክንያት አላገኘም። ተርባይን በሁለት የተለያየ ሰፈር ሲተከል አንዱን መጠለያ፣ ሌላውን መባረሪያ አደረገው።

ከዓሣው ወገን ደግሞ፣ ምሰሶው ባሕሩ ውስጥ ከገባ ጥቂት ሳምንታት ጀምሮ ሰው እየሰፈረበት እንደሚሄድ አዲስ ቀበሌ ይሆናል። በላይኛው ክፍል መስል የሚባለው ጥቁር ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እንደ ወይን ዘለላ ተንዠርግጎ ይይዘዋል፤ ከእርሱ በታች አበባ የመሰሉ ሥጋ በል እንስሳት አሉ፤ አሸዋው በወራጅ እንዳይጠረግ በግርጌው በተደፋው ድንጋይ መካከል ደግሞ ሸርጣኖች ይኖራሉ። በቤልጂየም ውኃ ውስጥ ኮድ የተባለው ዓሣ በዚህ ዙሪያ ሲሰበሰብ በተደጋጋሚ ታይቷል። በ2014 በታተመ ጥናት ላይ ደግሞ መከታተያ የተለጠፈባቸው ሲል የሚባሉት የባሕር አጥቢዎች ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው በቀጥታ መስመር እየዋኙ ሲያድኑ፣ የመንገዳቸው ካርታ እንደ ሒሳብ ደብተር ባለ አራት ማዕዘን መስመር ሠርቶ ተገኝቷል። ይህን ካርታ በመጀመሪያ ያየሁ ቀን በሳቅ ፈርሻለሁ።

ይሁን እንጂ ዓሣው እዚያ ተወለደ ወይስ ከሌላ ቦታ መጣ የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም። ከሌላ ቦታ ብቻ ከመጣ ባሕሩ ምንም አላተረፈም። እነዚያው ምሰሶዎች ደግሞ ለባዕድ ዝርያዎች መሸጋገሪያ ይሆናሉ፤ በቤልጂየም ምሰሶዎች ላይ ከፓሲፊክ የመጣው ኦይስተር የተባለው ዛጎል ተገኝቷል።

የባቲ መንገድ (ኮምቦልቻ)

ጸጥ ብዬ ስከታተል ነበር፤ ነገር ግን ውይይቱ ከውኃ በታች ብቻ ስለቀረ ስለ ወፎቹ ጥቂት ልበል። ሙያዬ ሌላ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ከፍታ ላይ ቆሜ የሚያልፉ ንስሮችን መቁጠር ልማዴ ነው። ይህን የሚያውቁ ጎረቤቶቼ «አሞራ ጠባቂው» ይሉኛል።

በባሕር ወፎች ላይ ሰዎች አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፤ «ክንፉ ይመታቸዋል?» ይላሉ። በስኮትላንድ አበርዲን አቅራቢያ ባለ 11 ተርባይን ጣቢያ ላይ ራዳርና ካሜራ ተጣምረው ለሁለት ዓመት ሲከታተሉ ከ10,000 በላይ የወፍ ቪዲዮዎች ተቀርጸዋል፤ በአንዱም ግጭት አልታየም። እዚህ ላይ የሚያስደስት ዜና ነው ብሎ ማቆም ይቻላል፤ ቀረጻው ግን በቀን ብርሃን የተደረገ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በሌሊትና በጭጋግ የሚያልፈው ወፍ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

ከመመታት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መሸሽ ነው። ጉሮሮ ቀዩ ጠላቂ ወፍ የአውሮፓን የብርድ ወቅት በጀርመን ባሕር ያሳልፋል። ተርባይኖቹ ከተተከሉ በኋላ ከጣቢያዎቹ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ቁጥሩ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ባለው ስፋት ደግሞ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ይህ የሆነው ክንፍ መትቷቸው ሳይሆን ሸሽተው ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳት ቪዲዮ አይቀርጸውም።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ፤ ወንድሜ ዘአራዳ «እኛን ምን ያገባናል» ላሉትም መልስ ይሆናል። ንስርና ሽመላ የሚበሩት ከመሬት በሚነሣ ሙቅ አየር ላይ ተንሳፈው ነው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለሚያጥር ሰፊ ውኃ መሻገር ይፈራሉ፤ ስለዚህ ከአውሮፓና ከእስያ ወደ እኛ ሲመጡ በጠባብ መተላለፊያዎች ይሰበሰባሉ። በ1987 በአውሮፓ አቆጣጠር መጸው ላይ በባብ ኤል መንደብ ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲሻገሩ የተቆጠሩት አዳኝ ወፎች ሩብ ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ስቴፕ የሚባሉት ንስሮች ነበሩ። እኔ ባቲ መንገድ ላይ የማያቸው ከእነዚያ መካከል ናቸው ብዬ አምናለሁ። በዚያው መሻገሪያ አገር፣ በጅቡቲ ጉቤት፣ ከ2023 ጀምሮ 17 ተርባይኖች ያሉት 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በየብስ ላይ ይሠራል። በግብፅ ገበል ኤል ዘይት ደግሞ የፍልሰት መንጋ ሲቃረብ ተርባይኖቹን የሚያስቆም ተመልካችና ራዳር ተመድቧል፤ ኔዘርላንዶችም በ2023 ግንቦት ላይ የባሕር ተርባይኖቻቸውን ለፍልሰት ሌሊት ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ አቁመዋል። ከባሕር የተገኘው ትምህርት ወደ ተራራ፣ ከተራራ የተገኘውም ወደ ባሕር ይሄዳል። በኖርዌይ ስሞላ ደሴት ከሦስቱ የተርባይን ክንፎች አንዱን ጥቁር ቀለም መቀባት የወፎችን ሞት ከ70 በመቶ በላይ መቀነሱ ተዘግቧል፤ የተቀቡት ግን አራት ተርባይኖች ብቻ ስለነበሩ እኔ ገና በጥንቃቄ ነው የምይዘው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጋሼ «አሞራ ጠባቂው»፣ በዚያ መንገድ ስመላለስ ያየሁዎት እርስዎ ነዎት ማለት ነው! ፖሊስ ፍጥነት የሚለካ መስሎኝ ሁልጊዜ ፍሬን እይዝ ነበር።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

የሁላችሁንም ጽሑፍ በጥሞና አንብቤአለሁ። ከደሴ በስተ ሰሜን በሐይቅ ከተማ ነዋሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው፣ እኔ ደግሞ የሂሳብ መዝገባቸውን እይዝላቸዋለሁ። ስለ ሰሜን ባሕር የማውቀው የለም፤ «ከምን ጋር ተነጻጽሮ» የሚለው የእኅታችን ጥያቄ ግን ቀጥታ ወደ ቤቴ መጣ።

የሐይቅ ሐይቅ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ በተፈጥሮ አልነበረውም። በ1970ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር በሰው እጅ ገባ፤ ዛሬ የስንቱ ቤት ጉልላት እርሱ ነው። አባቴ ልጅ ሳለ ውኃው እስከ ታች ድረስ እንደሚያሳይ ይናገራል። ሽማግሌ ሁሉ የልጅነቱን ውኃ ጥሩ ነበር ስለሚል እኔ ብዙም አላምነውም ነበር። በኋላ ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው ለጥናት መጥቶ ሲያነጋግረን፣ ዓሣው ከመግባቱ በፊት በ1969 የሐይቁን ጥራት የለኩ ተመራማሪዎች እንደነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ልኬቶች ሁሉ ውኃው በእጅጉ እንደ ደፈረሰና አረንጓዴው እንደ በዛ ነገረን። የአባቴን ቃል እውነት ያደረገው ያ አንድ ልኬት ነው። ያ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ያለውን ውኃ «ሐይቅ ከጥንትም እንዲህ ነው» ብለን በተቀበልን ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ። ጣቢያው ለመረብ ጀልባ ዝግ መሆኑ ለፖርፖይዙ መልካም ነው ተብሏል። ከዚያ የተባረረው አስጋሪስ የት ሄደ? ወደ ጎረቤት ውኃ ሄዶ በዚያ ያለውን ዓሣ ካራቆተ፣ ጥናታችሁ ያንንም ይቆጥራልን? የዓሣው መፈናቀል በዝርዝር ሲጻፍ የሰውየው መፈናቀል በአንድ መስመር ማለፉ ቅር ብሎኛል።

ሰሜን ባሕር ላይ (ዴንማርክ)

ወንድሜ፣ ቅሬታዎ ትክክል ነው፤ እኔም በአንድ መስመር ካለፉት አንዷ ነኝ። አስጋሪው የት እንደ ሄደ የሚያጠኑ አሉ፤ ነገር ግን ከእንስሳቱ ጥናት ጋር በአንድ ገጽ ሲቀመጥ እምብዛም አይታይም።

የሐይቁ ምሳሌ ግን እኔ በሦስት ረጅም ጽሑፍ ያላስረዳሁትን አስረድቷል። በሙያችን ጥናቱ አራት ማዕዘን አለው፤ የሚገነባበት ቦታ ከግንባታ በፊትና በኋላ ይለካል፤ ምንም የማይገነባበት ተመሳሳይ ቦታም እንዲሁ በፊትና በኋላ ይለካል። የማይገነባበት ቦታ ልኬት ከጎደለ፣ ለውጡ ከተርባይኑ ይምጣ ወይም ከዓመቱ ሙቀት፣ መለየት አይቻልም። ከግንባታ በፊት ያለው ልኬት ከጎደለ ደግሞ ምን እንደ ተለወጠ ማወቅ ያዳግታል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ተመልሶ ሊለካ አይችልምና። ስለ ኒስተድ ያን ሁሉ የምናውቀው ተርባይኑ ከመተከሉ በፊት ባዶውን ባሕር ሲያዳምጡ የከረሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በጊዜው ያን ሥራ «ምንም ነገር የሌለበትን ለምን ትለካላችሁ» ያሏቸው አይጠፉም።

መምህር፣ ለተማሪዋ «አይ፣ ዓሣ ነባሪዎቹን ተርባይን እንደ ገደላቸው የሚያሳይ ማስረጃ የለም» ብለው ይመልሱላት፤ ከዚያም ፖርፖይዙንና ጉሮሮ ቀዩን ወፍ ይንገሯት።

መምህር ዘጦሳ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ለክፍሉ ነገርኋቸው። ተማሪዋ ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ «እንግዲያው መምህር፣ እኛ የምንለካው ምን አለ?» አለችኝ። ዘንድሮ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ስለዚህ ከክፍሉ 14 ተማሪዎችን ይዤ በሚቀጥለው ወር ሐይቅ ለመሄድ አስቤአለሁ። የውኃን ጥራት የሚለካው ሴኪ የሚባለው መሣሪያ ክብ ሰሌዳ ብቻ ስለሆነ ከበርሜል ክዳን ቆርጠን፣ አራት ቦታ ከፍለን፣ ጥቁርና ነጭ ቀብተነዋል። መካከሉን በስተን ገመድ አስገብተናል፤ ከታች እንዲሰምጥ አሮጌ የሚዛን ድንጋይ አንጠልጥለንበታል። ገመዱ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አለ። ሰሌዳው ከዓይን የሚጠፋበትንና ሲሳብ ዳግመኛ የሚታይበትን ጥልቀት ለክተን አማካዩን እንይዛለን። ሐይቅ ዳር፣ ጀልባ የሚያከራየን ሰው ብታገኙልን፣ የትኛው ሰዓት እንደሚሻልም ብትነግሩን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

የአጎቴ ልጅ በነጻ ይወስዳችኋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሣና ውኃው ሲሸበሸብ ሰሌዳው አይታያችሁም። ጀልባው ሦስት ሰው ብቻ ይይዛል፤ ሌሎቹ ተራቸውን ገዳሙ ፊት ለፊት ካለው ዳርቻ ይጠብቁ። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ እንድትለኩም ከባሕር ዛፉና ከድንጋዩ መስመር ጋር አጋጥሞ ያቆምላችኋል።

ሰሜን ባሕር ላይ (ዴንማርክ)

መምህር፣ አንድ ነገር ልጨምር። ገመድ ውኃ ሲጠጣ ሊኮማተር ወይም ሊረዝም ይችላል። ቋጠሮዎቹን ፍቱና ገመዱን ሌሊቱን በባልዲ ውኃ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት እርጥብ እንዳለ በሜትር ለክታችሁ እንደገና ቋጥሩት። ደመና የነበረ ወይም ያልነበረ መሆኑን፣ ማን እንዳየውም ከቁጥሩ ጎን ጻፉ።